አማቴን ከመውደቅ የጠበቅሁበት ክረምት

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ የሱዳኑ ገዳሪፍ ሆስፒታል ሲገቡ ሆዳቸው እንደ እርጉዝ ሴት ገፍቶ፣ እግራቸው የማሽላ አገዳ አክሎ ነበር። ከሰሊጥ እርሻው በሎሪ ያመጣናቸው እኔና አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ነን። ሰዎቹ አቅፈው ሲያወርዷቸው፣ ድምፃቸው ደክሞ ጆሮ ካልጣሉባቸው በማይሰማበት ሰዓት እንኳ፣ "ልቀቁኝ፣ በእግሬ እወርዳለሁ" ይሉ ነበር።

አገራችን ከመተማ በላይ፣ ቆላው አልቆ ደጋው ከሚጀምርበት ነው። ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና ማፈስ ሲጀምር ባሌ ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ልጁን ሲያጡት አባቱን ወስደው አሰሩ። ሲፈቷቸውም "ወይ ልጅህን አምጣ፣ ወይ አንተ ወደ እስር ቤት ትመለሳለህ" አሏቸው። እሳቸው ግን ከብቱን ለወንድማቸው አስረክበው፣ እኔን አስከትለው ወጡ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ በዚያ ቤት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። "የልጄን ሚስት ለማን አደራ ሰጥቼ እሄዳለሁ?" ነው ያሉት።

ገዳሪፍ ስንደርስ ባሌ የለም። አንዱ ከሰላ ነው አለን፣ ሌላው ኻርቱም። ልንፈልገው አልቻልንም። ያለ ተስሪህ፣ ያለ መንቀሳቀሻ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄድ ስደተኛ ከሻ በሚሉት አፈሳ በየኬላው ይለቀም ነበር። ወደ ኋላ እንዳንመለስ ደግሞ እስር ቤቱ አለ። ስለዚህ አማቴ ሰሊጥ እርሻ ገቡ፤ እኔም ለሠራተኞቹ አሲዳ የሚሉትን የዱራ፣ የማሽላ ማለቴ ነው፣ ገንፎ ማገንፋት ያዝኩ። በጋውን ያደሩት ጥቁሩ መሬት እየተሰነጣጠቀ አፉን በሚከፍትበት፣ ከግራር ሥር ነው። እዚያ የሚነክሰው ትንሽ ትንኝ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያኔ የነገረን የለም። ትኩሳቱ ሲጀምራቸው ወባ ነው ብለን ኪኒን አዋጥናቸው። ሆዳቸው ሲነፋ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ በጋለ ብረት ተኮሳቸው። ክረምቱ ሲገባ ከምንጣፋቸው መነሳት አቃታቸው።

በሆስፒታሉ ካላዛር፣ ያ ትንኝ የሚያመጣው በሽታ፣ የያዛቸው ሰዎች የሚተኙት ከዋናው ሕንፃ ጀርባ፣ ሣር ክዳን ባለው ረጅም ዳስ ሥር ነበር። ግድግዳ የለውም፤ ወለሉም አፈር ነው። አልጋዎቹ በገመድ የተጠለፉ የሱዳን አንገረቦች ናቸው። በእያንዳንዱ አንገረብ ላይ አንድ ሆዱ የተነፋ ሰው ይተኛል፤ ከሥሩ መሬት ላይ አንድ አስታማሚ ይቀመጣል። የአማቴ አስታማሚ እኔ ነበርኩ።

ነጭ ቶብ የምትለብስ፣ ወፍራም፣ ጠና ያለች ሱዳናዊት ነርስ ነበረች። ሁሉም "ሲስተር" ይላታል። በመጀመሪያው ቀን የአማቴን ሆድ ገልጣ በጣቶቿ እየዳሰሰች ወረደች፤ ወረደችና እምብርታቸውን አልፋ አንድ ቦታ ቆመች። ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ እዚያ ቦታ ቆዳቸው ላይ መስመር አሰመረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአረብኛ ረጅም ነገር ተናገረች። የገበያውን አረብኛ ትንሽ ትንሽ ለምጄ ነበር፣ ይህ ግን የገበያ አልነበረም።

ከጎናችን የተኛው ወሎዬ፣ ሱዳን ብዙ ዘመን የኖረ ሙስሊም፣ ከአንገረቡ ላይ ሆኖ ተረጎመልኝ።

"ጣፊያቸው አብጧል ነው የምትልሽ እህቴ። እስከዚያ መስመር ደርሷል። ቆዳው ሳስቷል። ወድቀው ሆዳቸውን ከመታቸው ይፈነዳል። ከፈነዳ እኛ ጋ መድኃኒት የለውም ነው የምትልሽ።"

"ማ ይጉም ብራሁ" አለችኝ ሲስተር ጣቷን ፊቴ ላይ እያወዛወዘች።

"ብቻቸውን አይነሱ" አለ ወሎዬው።

ሲስተር ከሄደች በኋላ ወሎዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እዚህ አልጋ ላይ ከእናንተ በፊት አንድ የሁመራ ጎልማሳ ነበረ። ሊጸዳዳ ብሎ ብድግ አለ። ዓይኑ ጨለመበት መሰለኝ፣ የአንገረቡ ጠርዝ ላይ በሆዱ ተደፋ። ደም እንኳ አላየንም። ፊቱ ብቻ ነጣ። ምሳ ሳይደርስ ሞተ።"

አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የተኙ መስሎኝ ነበር እንጂ ሰምተዋል።

በማግስቱ ጠዋት ተነስተው ተቀመጡና እግራቸውን ወደ መሬት አወረዱ። እኔም ተነሳሁ።

"ወዴት ነው?" አሉኝ።

"ከእርስዎ ጋር ነው አባባ።"

"እኔ ወዴት እንደምሄድ ታውቂያለሽ?"

ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ፣ ከአጥሩ ሥር ነው። ያንን በአፌ ማለት አልቻልኩም። "ወደሚሄዱበት" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

"እኔ ወደምሄድበት ምራት አትከተልም።"

በእኛ አገር ምራት አማቷ ፊት ቀና ብላ አታይም። ፊት ለፊት አትበላም። ስሙን አትጠራም፣ ከአልጋው ጫፍ አትቀመጥም። እኔ እንኳንስ እጃቸውን ልይዝ፣ ጥላቸውን ላለመርገጥ ዞር ብዬ ነበር የማልፈው። እሳቸውም በቤታቸው ሳሉ ውሃ ሳቀብላቸው ጣቴን እንዳይነኩ ጣሳውን ከታች ነበር የሚይዙት። አሁን ይህን ሰው ብብታቸው ሥር ገብቼ ሽንት ቤት ላደርሳቸው ነው።

ሲስተር ፖፖ አመጣችላቸው። በእግራቸው ገፍተው ከአንገረቡ ሥር ሰደዱት። ወንዶቹ አስታማሚዎች እንርዳዎ ሲሏቸው እሺ ይላሉ፣ ግን አይጠሯቸውም። ሰው መጥራት ልመና ሆነባቸው። የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፦ እኔ ዞር እስክል ይጠብቃሉ። ቧንቧው ጋ ሄጄ ስመለስ እግራቸው ወርዷል። ልብስ ላሰጣ ስል አንገታቸውን ቀና አድርገው ርቀቴን ይለካሉ። ያኔ ሁለታችንም ዘበኛ ሆንን፤ እኔ እሳቸው እንዳይነሱ እጠብቃለሁ፣ እሳቸው እኔ እንድሄድ ይጠብቃሉ።

ስለዚህ መሄድ አቆምኩ። ውሃ ሌላ ሰው እንዲቀዳልኝ እለምናለሁ። ፊቴን የምታጠበው እዚያው፣ ዓይኔን ሳልጨፍን ነው። ከዳሱ ጥላ ሥር ሆኜ የአጥሩን ሽቦ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ወደ ከሰላ የሚሄደውን መንገድ አያለሁ። ሎሪዎቹ ጆንያ ጭነው፣ በጆንያው ላይ ሰው ጭነው ያልፋሉ። ያ ሁሉ ሰው ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። እኔ የአንድ ሽማግሌ እግር መሬት እንዳይነካ አጠገቡ ተተክያለሁ። ወጣት ነበርኩ። እንደዚያ ተቀምጬ ፀጉሬ የሚሸብት መሰለኝ።

አንድ ቀን በቀትር ኢብሪቁን፣ የውሃ ማንቆርቆሪያውን፣ ይዤ ቧንቧው ጋ ብቅ አልኩ። ብዙም አልቆየሁ። ስመለስ አንገረቡ ባዶ ነው። አማቴ የዳሱን ቋሚ በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆመዋል። ነስር ወርዶ ጢማቸውን አቅልሞታል። ኢብሪቁን ጥዬ ሮጥኩ። እንዴት እንደያዝኳቸው አላውቅም፤ ወሎዬው ይጮኻል፣ አንድ አስታማሚ ደርሶ ከወዲያ ያዘልኝ፤ ተሸክመን መለስናቸው።

ሲስተር መጥታ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸችብኝ። "ኢንቲ ወይን? ኢንቲ ወይን?" አንቺ የት ነበርሽ ነው የምትለኝ። ውሃ ልቀዳ ለማለት አረብኛው ጠፋብኝ። አማቴ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ነበር። "ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ እኔ ነኝ የተነሳሁት" አላሉም። ሊሉ ቢፈልጉም በአማርኛ ነውና ማን ይሰማቸዋል።

ያን ቀን ከተኛሁበት መሬት ወደ ላይ ሳይ አንገረቡ ታየኝ። ከፍ ያለ ነው። እግራቸውን ወርወር ካደረጉ መቆም ይቀላቸዋል፤ ከወደቁም የሚወድቁት ከዚያ ከፍታ ነው። ዝቅ ቢልስ? እግሩን መቁረጥ አይሆንም፣ የሆስፒታሉ ዕቃ ነው። ወለሉ ግን አፈር ነው።

በማግስቱ ወንዶቹ አማቴን ከግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኩ። እሳቸው ነፋስ ሲቀበሉ እኔ ከአትክልተኛው በተዋስኩት መቆፈሪያ ለአንገረቡ እግሮች ጉድጓድ ቆፈርኩ። ክረምት ስለሆነ ጥቁሩ አፈር ርሶ ነበር፤ እንደ ቅቤ ነበር የሚቆረጠው። እግሮቹን በየጉድጓዳቸው ስናስገባ አንገረቡ ወርዶ ከመሬት በላይ ስንዝር ቢሆን ነው። ወሎዬው ከላይ ሆኖ እያየ "እንግዲህ ማን ይነሳል ከዚህ" አለ።

ልክ ነበር፣ ማንም አይነሳም። አማቴን አምጥተው አስተኟቸው። ቆይተው ሊነሱ ሲሞክሩ ጉልበታቸው ከደረታቸው በላይ ሆነ። እጃቸውን መሬት አስደግፈው ገፉ። ያ የቀጠነ ክንድ ሊያነሳቸው አልቻለም። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ መልሰው ተጋደሙና የሣሩን ክዳን አዩ።

"ቀበርሽኝ" አሉኝ።

"እንዳይወድቁ ነው አባባ።"

"ገብቶኛል። የተቀበረ ሰው አይወድቅም።"

ሲስተር መጥታ አንገረቡን አየችና "ኩወይስ፣ ኩወይስ" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችው። ጥሩ ነው ማለቷ ነው። እኔም ያን ቀን ቧንቧው ድረስ ሄጄ ራሴን ታጥቤ መጣሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ከገባን ወዲህ የተነፈስኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን አማቴ ውሃ መጠጣት አቆሙ። መጀመሪያ አላስተዋልኩም። ጣሳው ሞልቶ ያድራል፣ እኔ ደፍቼ አዲስ እሞላለሁ። ከንፈራቸው ሲሰነጠቅ ነው የገባኝ። ውሃ ካልጠጡ መነሳት አያስፈልጋቸውም፤ መነሳት ካላስፈለጋቸው የምራት እጅ አይነካቸውም። ሲስተር ጣሳውን አይታ ተቆጣች። ለካላዛሩ በየቀኑ የሚወጉት መርፌ ከባድ ነው፣ ውሃ ካላገኘ ኩላሊት ይጎዳል አለች። ወሎዬው ተርጉሞ ጨረሰና ከራሱ ጨመረበት፦ "አባቴ፣ ከመውደቅ ተርፈው በጥም ሊሞቱ ነው?"

"ውሃውን ከጠጣሁ ማን ያነሳኛል?" አሉ። "ይቺው ናት። እኔ ሚስት የዳርኩለት ልጅ አለኝ። የልጄ ሚስት ሱሪዬን ይዛ ስታቆመኝ ከማይ ጥሙ ይሻለኛል።"

ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እሳቸው ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ እኔም ከጉድጓዱ አፍ መነሳት አልችልም። የቆፈርኩት ለሁለታችን ነበር።

ያወጣን ዝናብ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከምሥራቅ በኩል ጠቆረና አቧራ ያዘለ ነፋስ መጣ፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ዳሱ ግድግዳ የለውም አላልኩም? ውሃው ከግቢው እየተገፋ ገባ። ጉድጓዶቹ ሞሉ፤ ሞልተው ወደ ላይ ተነሱና የአንገረቡን ገመድ ነኩ። አማቴ ጀርባቸው ሲርስ "ኧረ ሰዎች!" አሉ። ከገቡ ጀምሮ ሰው ሲጠሩ የሰማሁት ያኔ ነው። ሁላችንም ተረባርበን አንገረቡን ከነሰውዬው ወደ ላይ ሳብነው። ወሎዬው ራሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ሆዱን በአንድ እጁ ደግፎ፣ "ቀስ! በዚያ በኩል ከፍ አድርጉ!" እያለ ያዝዛል። ጡብ ፈልገን ከሥሩ አደረግን። አማቴ ከነርጥባናቸው ቀና ብለው፣ "ይኸው እግዜር ቆፍሮ አወጣኝ" አሉ። ዳሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ነገ ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው እያልኩ ነበር።

ወሎዬው ይህን አይቷል መሰለኝ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ወደ አማቴ ዞረ።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እንዳይቀየሙ። በእኛ አገር ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ትከሻ ይዞ ነው የሚሄደው። ነውር ያለው የለም። እሷ ትቅደም፣ እርስዎ ከኋላ ሆነው ትከሻዋን ይያዙ። ያኔ የያዙት እርስዎ ነዎት እንጂ እሷ አልያዘችዎትም።"

"ወደ ኋላ አታይም?" አሉ አማቴ።

"አላይም" አልኩ።

"ውሃ ስጪኝ እስቲ።"

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። እኔ ጎንበስ እላለሁ፣ እሳቸው እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ ጥለው ይነሳሉ፣ እንቆማለን። ዓይናቸው እስኪጠራ እንቆያለን። ከዚያ በዝግታ። ወደ ኋላ ስለማላይ የማውቃቸው በእጃቸው ክብደት ብቻ ነበር፤ ጣቶቻቸው ሲጠብቁ እቆማለሁ፣ ሲላሉ እራመዳለሁ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። ዝም ካሉ የወደቁ ይመስለኝ ነበርና "ድምፅዎን ያሰሙኝ አባባ" አልኳቸው። ምን ብዬ ላሰማ አሉና፣ ከዚያ ወዲያ እዚያ ውስጥ ሆነው እርሻ ያርሱ ነበር። "ና ቦራ! ተመለስ ዳማ! አንተ ሰነፍ፣ ትልሙን ያዝ እንጂ!" ይላሉ። በሬዎቻቸውን አስረክበው ከመጡ ወዲህ ስለ እነሱ አንስተው አያውቁም ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሱዳኖች "ይህ ሽማግሌ ከማን ጋር ነው የሚጣላው?" ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

የገዳሪፍ ጭቃ ግን ለጤነኛም አይመችም። እግር ሥር ተጣብቆ ጫማ ይሆናል፣ ከዚያ ያንሸራትታል። አንድ ጠዋት ከሽንት ቤት ስንመለስ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ድንገት ከበደ፤ ወዲያውም ለቀቀ። ቃሌን አፍርሼ ዞርኩ። እሳቸው ግን ወደ ፊት አልተደፉም። ቀሚሴን ከወገቤ ላይ ጨብጠው፣ ሰው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ወደ ኋላ ቁጭ አሉ። ቀሚሴ እስከ ታች ተተረተረ። እኔም ስስባቸው አብሬ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር ቶቧን ሰብስባ እየሮጠች መጣች። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክካ ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ ፊታቸውን አየች፣ የዓይናቸውን ቆብ ገለጠች።

"አልወደቅሁም በያት" አሉኝ አማቴ። "ተቀመጥኩ።"

ባለኝ አረብኛ ነገርኳት። ሲስተር አየቻቸውና ሳቀች። ከገባን ወዲህ የሳቀችልን ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የባሌ ወሬ የመጣው። ወሎዬውን የሚጠይቅ አንድ የአገሩ ሰው ከኸሽም ኤል ቂርባ መጣ። እዚያ ግድቡ በሚያጠጣው የጥጥ እርሻ አረም ሲያርም የከረመ ነው። ስለ ባሌ ስንጠይቀው፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ስንነግረው፣ "አብሮን ነው!" አለ። "ዝናቡ ሲያበቃ ወደ ፖርት ሱዳን ሊሄድ ነው። ከዚያ በጀልባ ባሕሩን ለመሻገር ያስባል።"

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። "ነገ በሎሪ ነው የምመለሰው። ሹፌሩን አውቀዋለሁ፣ ኬላው ላይ ከጆንያ መሐል ይደብቅሻል። ነይ ላድርስሽ።"

"ሂጂ" አሉ አማቴ ወዲያው።

"እርስዎስ?"

"እኔን ተይኝ። ባልሽ ነው፣ ሂጂ።"

እጃቸውን አየሁ። አንገረቡን ጥብቅ አድርገው ይዘው ነበር። ሂጂ ሲሉ ከልባቸው ነው፤ ከሄድኩ ደግሞ ከነገ ወዲያ ብቻቸውን እንደሚነሱ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ቸር ስለሆንኩ አይደለም የቀረሁት፤ እንዲህ ብዬ ራሴን አላመሰግንም። ባሌ ፊት ቆሜ "አባትህስ?" ቢለኝ የምመልሰው ስላጣሁ ነው። ጠዋት ሎሪው በአጥሩ ማዶ ጥሩምባውን ነፋ። አልተነሳሁም። ለሰውየው "አባትህ ታሞ ተኝቷል፣ ና በለው" ብለን ላክን። አማቴ ሰውየውን መልሰው ጠሩና "ሞቷል እንዳትለው፣ ሊሞት ነውም እንዳትለው። ታሟል ብቻ በል" አሉት።

መጠበቅ ጀመርን። በበሩ የሚገባ ወንድ ሁሉ እሱ ይመስለን ነበር። መልሱን ያመጣው ሌላ መንገደኛ ነው። ዳሱ ድረስ መጥቶ፣ ቆሞ፣ የታዘዘውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ አነበነበልን፦ "ከሻው በዝቷል፣ በየመንገዱ እየያዙ ነው፣ መምጣት አልችልም። አባቴን እግዜር ይማረው። እሷንም ቻዪው በሏት።" ባሌ ይህን ብሎ ዝናቡ ሳያበቃ ፖርት ሱዳን ሄዷል አለን።

ያን ቀን አማቴ ሽንት ቤት ስንሄድ በሬዎቹን አልጠሩም፤ እኔም ደፍሬ ድምፅዎን ያሰሙኝ አላልኩም። በማግስቱ ግን ተነስተው አንገረቡ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ወሎዬውንና አንድ ሌላ አስታማሚ አጠገባቸው ጠሩ።

"ምስክር ሁኑኝ" አሉ። "ይህችን ልጅ ለልጄ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ልጄ የለም። በእግዚአብሔር ፊት፣ በእናንተም ፊት ከልጄ አፋትቻታለሁ። ከዛሬ ወዲያ የማንም ሚስት አይደለችም። ወደወደደችው ትሂድ።"

ከውስጤ ያ ሁሉ ክረምት የተጠራቀመው ነገር ወጣ።

"ማን ፍቱኝ አለዎት?" አልኩ። ድምፄ ዳሱን ሞላው። "ፈትተው ወዴት ሊሰዱኝ ነው? ከበሩ ውጪ ከሻ አለ። ከወሰኑ ማዶ ያሰሩዎት ሰዎች አሉ። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት የልጅዎ ሚስት ስለሆንኩ ነው። ይቺው ናት ያለችኝ። እሷንም ወሰዱብኝ! አሁን እኔ እዚህ ምን ነኝ? የማን ነኝ?"

ፊት ለፊት አይቻቸው ነበር፣ ዓይን ለዓይን። እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም። ዓይናቸው ቡና ዓይነት መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።

"እንዲህ መናገር ትችያለሽ ለካ" አሉ አማቴ። ከዚያም ለሰዎቹ፦ "አልጨረስኩም፣ እንዳትሄዱ።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ከዛሬ ወዲያ ልጄ ናት። ከአብራኬ እንደወጣች ይቆጠርልኝ። ይህንንም መስክሩ።"

"መሰከርን" አለ ወሎዬው።

"እሺ በይ እንጂ" አሉኝ አማቴ።

እሺ አልልም ብዬ ነበር። ንዴቴ አልበረደም። ግን ከአፌ የወጣው "እሺ አባባ" ነው።

ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። "ልጅ አባቷን ብብቱ ሥር ገብታ ብታነሳው ነውር የለውም። ነይ፣ ውጭ ልውጣ።"

ገብቼ አነሳኋቸው። ሰውነታቸው ምንም አልነበረም፤ ሰው ሳይሆን ልብስ ያነሳሁ መሰለኝ። ይህን ያህል ቀላል ሰው ነው ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ተራራ የከበደኝ።

መርፌው አለቀ። ሲስተር በየሳምንቱ አዲስ መስመር ታሰምር ነበርና መስመሮቹ ወደ ላይ ወደ ላይ እየወጡ ከጎድን አጥንታቸው ሥር ገቡ። ሆዳቸው ሟሸሸ፣ ፊታቸው ሥጋ አወጣ። ወሎዬው ግን አልቀናውም። ከመውደቅ ሁላችንም ጠብቀነው ነበር፤ እሱን የወሰደው ተቅማጥ ነው፣ እኛ ከመውጣታችን ትንሽ ቀደም ብሎ። አማቴ እግራቸው ገና ሳይጠና አስከሬኑን እስከ በሩ ሸኙት፤ እኔ በአንድ ጎን፣ ሲስተር በሌላው ጎን ደግፈናቸው።

ከሆስፒታሉ የወጣን ቀን በሩ ላይ ብዙ ጊዜ ቆመናል። ዱራው አሽቶ ነበር፣ መንገዱም ደርቋል። ወደ ግራ ከሰላ፣ ወደ ቀኝ ገላባትና አገራችን። በሁለቱም መሄድ አይቻልም። በመጨረሻ እዚያው ገዳሪፍ፣ ስደተኛ በሚበዛበት ሰፈር አንድ የጭቃ ቤት ተከራየን። እሳቸው የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። እኔን ሲስተር እዚያው ዳስ ውስጥ ጽዳት አስገባችኝ፤ ውዬም አድሬም የምሠራው ያንኑ ሥራ፣ በሽተኛን ከመውደቅ መጠበቅ፣ ሆነ። የባሌ ወሬ ጅዳ ገብቷል ከሚል ሌላ አልመጣም። ከዓመታት በኋላ አንድ የጎንደር ልብስ ሰፊ ሲያገባኝ ሽማግሌዎቹ የተላኩት ወደ አማቴ ነው። ሦስት ጊዜ መልሰው፣ በአራተኛው እሺ አሉ።

ደርግ የወደቀ ጊዜ መንገዱ ሲከፈት አገራቸው ለመግባት አንድ ቀን አላደሩም። እንሂድ አሉኝ። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፣ ልብስ ሰፊው ባሌ የስፌት መኪናውን በዱቤ ገዝቶ ገና መስፋት መጀመሩ ነበር፤ አልቻልኩም። እሳቸው በሎሪ ወደ ገላባት ሄዱ። እኔ ቀረሁ፤ አሁንም እዚሁ ገዳሪፍ ነኝ።